መካከለኛ ጥንዶች በ1/3 ዶላር የፖከር ጠረጴዛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በላስ ቬጋስም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት የሜሪላንድ ካዚኖዎች፣ ስሞል ብላይንዱ 1 ቢግ ብላይንዱ 3 ዶላር የሆነው (ብላይንድ ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ከመታደሉ በፊት በግዴታ የሚያስቀምጡት ገንዘብ ነው) የቴክሳስ ሆልደም ጠረጴዛ በብዛት ከሚከፈቱት አንዱ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 500 ዶላር ይዞ ይቀመጣል። በዚህ ጠረጴዛ ገንዘብ ሳይታወቅ ከሚያልቅባቸው እጆች መካከል ከ7-7 እስከ 10-10 ያሉት ጥንዶች (ለተጫዋቹ ለብቻው የሚታደሉት ሁለት ካርታዎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ) ይገኙበታል። ሲጥሏቸው ያሳዝናሉ፣ ሲያምኗቸው ይከዳሉ። አንዱ 9-9ን እንደ ኤስ-ኤስ (ትልቁ ጥንድ፤ ከላይ ወደ ታች ኤስ፣ ኪንግ፣ ኪዊን፣ ጃክ፣ 10 ነው) ይጫወተዋል፣ ሌላው እንደ 2-2። ሁለቱም ይከስራሉ።

«ጥንድ አይጣልም፤ ሦስተኛዋ ከመጣች ሁሉንም ትመልሳለች»

ከጥንድዎ ጋር አንድ የሆነችው ሦስተኛዋ ካርታ ፍሎፑ ላይ (ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም በሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት ካርታዎች) የምትመጣው ከ17 ጊዜ 2 ጊዜ ያህል ነው። አንድ ተጫዋች 15 ዶላር ሬይዝ አድርጎ (መደቡን ከፍ አድርጎ) እርስዎ በ7-7 ኮል አደረጉ (ያንኑ መጠን ከፈሉ) እንበል። ይህ 17 ጊዜ ቢደጋገም 15ቱን ይስታሉ፤ 225 ዶላር ሄደ ማለት ነው። የተሳኩት ሁለት እጆች እያንዳንዳቸው ከ112 ዶላር በላይ ካላተረፉ ኪሳራ ነው። ሰውየው ሬይዝ ካደረገ በኋላ የቀረው 90 ዶላር ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሙልጭ አድርገው ቢወስዱበት፣ የከፈለው 15 ዶላርና የብላይንዶቹ 4 ዶላር ተጨምሮ እንኳ 109 ዶላር ነው። ፍጹም ዕድለኛ ሆነውም አልተካካሰም።

በተግባር ደግሞ ሁልጊዜ አይከፍልዎትም። ኤስ-ኪንግ ይዞ ፍሎፑ ካልነካው ይጥላል። አልፎ አልፎም የእርስዎ ሦስት 7 በፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ባላቸው አምስት ካርታዎች) ወይም ከ7 በሚበልጡ ሦስት ተመሳሳይ ካርታዎች ይሸነፋል። ስለዚህ ኮል ከማድረግዎ በፊት የሁለታችሁንም ቺፕ ይዩና አነስተኛው የኮሉ 15 እጥፍ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለ15 ዶላር 225 ማለት ነው። ብላይንድ ላይ ተቀምጠው ከፍሎፑ በኋላ ቀድመው የሚወስኑ ከሆነ 20 እጥፍ ወይም 300 ይፈልጉ። ከእርስዎ በፊት ሁለት ሦስት ሰው ኮል ካደረገ 10 እጥፍም ሊበቃ ይችላል፤ ፖቱም (መሃል ላይ የተሰበሰበው ገንዘብ) ከፋዩም በዝቷልና። እርስዎ 500 ዶላር ስላለዎት ብቻ ስሌቱ አይስተካከልም፤ እሱ 100 ከያዘ ጨዋታው የ100 ዶላር ነው።

ይህ ስሌት በዋናነት ለ7-7 እና ለ8-8 ነው። 10-10 ሦስተኛዋ ሳትመጣም ብዙ ጊዜ ስለሚያሸንፍ ያን ያህል ጥብቅ መሆን አያስፈልገውም።

«3 ዶላር ከፍሎ ፍሎፑን በርካሽ ማየት ይሻላል»

ርካሽ የሚመስለው ለአንድ እጅ ሲያዩት ነው። ቢግ ብላይንዱን ብቻ ከፍለው ሲገቡ ከኋላዎ አራት አምስት ሰው ተከትሎ ይገባል። ፍሎፑ ላይ ከጥንድዎ የሚበልጥ ቢያንስ አንድ ካርታ የመውጣቱ ዕድል ለ7-7 92 በመቶ፣ ለ8-8 87፣ ለ9-9 79፣ ለ10-10 70 በመቶ ገደማ ነው። ስድስት ሰው ባለበት ፖት ኪዊን ሲወጣ ለአንዱ ጥንድ እንደሆነችለት መገመት ይሻላል። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከሆኑ ግን ነገሩ ይለያል፤ ጥንድ ያልያዘ ሰው ፍሎፑ ላይ ጥንድ ወይም የተሻለ የሚያገኘው ከሦስት ጊዜ በግምት አንድ ጊዜ ነው። ከፍሎፕ በፊት ሬይዝ የሚደረገውም በዋናነት ሰው ለመቀነስ ነው።

ማንም ካልገባ 15 ዶላር ጥሩ መነሻ ነው። ቀድሞ ለገባ ለእያንዳንዱ ሰው ከ3 እስከ 5 ዶላር ይጨምሩ፤ ሁለት ሰው ከገባ ወደ 25 ይጠጋል። 7-7ን ከመጀመሪያዎቹ (ቀድመው ከሚወስኑት) ወንበሮች መጣልም ነውር የለውም፣ በተለይ ተጫዋቹ ሁሉ ከ150 ዶላር በታች ከያዘ።

ጀማሪን የምታስቸግር አንድ ደንብ አለች፦ «ሬይዝ» ሳይሉ አንድ የ25 ዶላር ቺፕ ወደፊት ቢገፉ የሚቆጠረው እንደ ኮል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠኑን በአፍ ይናገሩ።

የካዚኖው ድርሻም አይረሳ። ብዙ ቦታ ከፖቱ 10 በመቶ፣ እስከ 5 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ይቆረጣል፤ በዚህ ላይ ለጃክፖት (ለልዩ ሽልማት ማጠራቀሚያ) 1 ወይም 2 ዶላር ይጨመራል። እጁ ፍሎፕ ሳይወጣ ካለቀ ግን በአብዛኛው ምንም አይቆረጥም። ሬይዝ አድርጎ ሁሉም ሲጥል 4 ዶላር መውሰድ ትንሽ ቢመስልም ሙሉው የእርስዎ ነው።

«በ10-10 40 ዶላር ብዬ ሁሉንም አስወጣለሁ»

ያስወጣሉ፣ ግን የሚወጡት 8-8፣ ኤስ-10 እና ኪንግ-ጃክ የያዙት ናቸው። በእነዚህ ላይ ነበር የሚያተርፉት። የሚቀሩት ጃክ-ጃክና ከዚያ በላይ ወይም ኤስ-ኪንግ ናቸው። 4 ዶላር ለማግኘት 40 ዶላር ለእነሱ ማጋለጥ ነው።

«መልሶ ከፍ ያደረገብኝ ኤስ-ኪንግ ይዞ ነው፤ ግማሽ በግማሽ»

ከሁሉም ውዱ ስህተት ይህ ነው። በ9-9 15 ዶላር አደረጉ፤ ለሰዓታት ዝም ብሎ የቆየው ሰው መልሶ ወደ 50 ከፍ አደረገው። ሁለታችሁም ስትጀምሩ 300 ነበራችሁ። በዚህ ደረጃ እንዲህ ያለው ተጫዋች በብዛት የሚይዘው ኪዊን-ኪዊን፣ ኪንግ-ኪንግ፣ ኤስ-ኤስ ወይም ኤስ-ኪንግ ነው። ሦስቱ ጥንዶች በ18 መንገድ ሲገኙ ኤስ-ኪንግ በ16 ነው። 9-9 ከኤስ-ኪንግ ጋር 54 በመቶ ገደማ፣ ከትልልቆቹ ጥንዶች ጋር 19 በመቶ ገደማ ያሸንፋል። ሲደመር ወደ 36 በመቶ ይመጣል።

ብልጥ አንባቢ እዚህ ላይ ይቃወማል፦ ፖቱ ውስጥ 69 ዶላር አለ፣ የምጨምረው 35 ነው፣ የሚያስፈልገኝ 34 በመቶ (35 ለ104 ሲካፈል) ብቻ ነው! ቁጥሩ ልክ ነው። ነገር ግን 36 በመቶው የሚሠራው አምስቱም የጠረጴዛ ካርታዎች ተጨማሪ ገንዘብ ሳይጠየቅ ቢወጡ ነው። ፍሎፑ ላይ ኤስ ሲወጣ ይጥላሉ፤ ትንንሽ ካርታ ሲወጣ ደግሞ ለኪዊን-ኪዊኑ ቀሪውን ይከፍላሉ። ሦስተኛዋን ጠብቆ ለማትረፍም የቀረዎት 285 ዶላር የ35 ዶላሩ 8 እጥፍ ብቻ ስለሆነ አይበቃም። ይጣሉት። ሁለታችሁም 600 ዶላር ይዛችሁ ቢሆን 585 ለ35 ከ16 እጥፍ በላይ ስለሆነ ኮል ማድረግ ይቻል ነበር።

ተቃራኒው ሁኔታ፦ 60 ዶላር ብቻ የቀረው ሰው በ15 ዶላርዎ ላይ ሁሉንም ቢያስገባ 45 ይጨምራሉ፤ የሚያስፈልግዎ 36 በመቶ ነው። ቺፑ ያለቀበት ሰው ኤስ-ጃክም ኪንግ-ኪዊንም 5-5ም ይዞ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላም የሚጠየቅ ገንዘብ የለም። እዚህ ኮል ያድርጉ።

በነገራችን ላይ፣ እጁ ሳያልቅ ጎን የተቀመጠ ወዳጅን በአማርኛ «ምን ላድርግ?» ማለት አይቻልም። ብዙ የአሜሪካ ካዚኖዎች እጅ እየተካሄደ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ይከለክላሉ፤ ምክር መቀበል ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ክልክል ነው።

«ሁልጊዜ ከእኔ የሚበልጥ ጥንድ ያለው አለ»

ስምንት ባላጋራ ባለበት ጠረጴዛ ከ8-8 የሚበልጥ ጥንድ አንዱ ጋ የመኖሩ ዕድል 21 በመቶ ገደማ፣ ከ10-10 የሚበልጥ ደግሞ 15 በመቶ ገደማ ነው። ማንም ሬይዝ ሳያደርግ እርስዎ ጋ ከደረሰ የመጀመሪያው ፍርሃት መሆን የለበትም።

«300 ዶላር ይዣለሁ፤ በቂ ነው»

አንዱ ካርታ ከመታደሉ በፊት 6 ዶላር ስትራድል (በፈቃድ የሚቀመጥ ተጨማሪ ብላይንድ) ካስቀመጠ አይደለም። ቢግ ብላይንዱ እጥፍ እንደሆነ ይቁጠሩት፤ 100 ቢግ ብላይንድ የነበረው 300 ዶላርዎ 50 ሆነ፣ ሬይዙም ወደ 25 ወይም 30 ያድጋል። ለ30 ዶላር 15 እጥፉ 450 ነው። በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ 7-7 እና 8-8 ኮል የሚደረግባቸው እጆች መሆናቸው ያበቃል፤ ቀድመው ሬይዝ ያድርጓቸው ወይም ይጣሏቸው።