ኤክስተርንሺፕ ምንድን ነው? የሕግ ተማሪ መዝገብ ፊት ሲቀመጥ

ጎንደር ፍርድ ቤት ጉዳይ ኖሯችሁ ከሄዳችሁ አይታችኋቸው ይሆናል። ሁለት ሦስት ሆነው ችሎቱ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጉልበታቸው ላይ ደብተር ዘርግተው ይጽፋሉ፤ ዳኛው ሲገቡ ከሁሉ ቀድመው ይነሣሉ። ባለጉዳዩ ጠበቆች ይመስሉታል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «አፓረንት ናችሁ?» ትላቸዋለች፤ ተለማማጅ ናችሁ ወይ ማለቷ ነው። እነሱ «ኤክስተርንሺፕ ወጥተን ነው» ይላሉ። እኔም ከዓመታት በፊት ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ በባጃጅ እየመጣሁ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ጥብቅና ላይ ነኝ፤ ተማሪዎችም ወላጆችም ነገሩ ምን እንደሆነ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ኤክስተርንሺፕ የሕግ ተማሪ ሳይመረቅ ከክፍል ወጥቶ በመንግሥት የፍትሕ ወይም የአስተዳደር መሥሪያ ቤት ውስጥ ለተወሰኑ ሳምንታት የሚማረው ኮርስ ነው። ኮርስ ነው የምለው አስቤበት ነው። ውጤት ይሰጥበታል፤ ሳያልፉት አይመረቅም። ተማሪው በሁለት ሰዎች ሥር ነው፤ አንዱ መሥሪያ ቤቱ የሚመድብለት ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ፣ ሌላው ከሕግ ትምህርት ቤቱ የሚመደብ መምህር። የየዕለቱን ውሎ በማስታወሻ ይይዛል፤ መጨረሻ ላይ ሪፖርት ያቀርባል። ደመወዝ የለውም፤ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛም አይደለም።

ብዙ ጊዜ ከሕግ ክሊኒክ ጋር ይምታታል። በክሊኒክ ተማሪው የሚያገለግለው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ባቋቋመው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ነው። አቅም የሌለው ባለጉዳይ ይመጣል፤ ተማሪው በመምህሩ ተቆጣጣሪነት ያንን ሰው ያግዛል። በኤክስተርንሺፕ ግን መዝገቡ የመንግሥት ነው። ተማሪው የማንም ወገን አይደለም፤ ለማንም አይከራከርም፤ የሚያየው የፍትሕ ሥራ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ዘመናዊው የሕግ ትምህርት በአገራችን የጀመረው በ1956 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም ነው። ትምህርቱ በአብዛኛው ንባብና ክፍል ውስጥ ክርክር ሆኖ ኖረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥርዓተ ትምህርቱ ሲከለስና ትምህርቱ አምስት ዓመት ሲሆን ኤክስተርንሺፕ፣ ክሊኒክና የምስለ ችሎት ክርክር ቦታ አገኙ። ከዘመናዊው ትምህርት በፊት፣ «ተጠየቅ» በሚባለው የጥንቱ የቃል ሙግት ዘመን ግን ሕግ የሚታወቀው በጆሮ ነበር። ሙግት አደባባይ ላይ፣ ዛፍ ሥር ይሰማል፤ ልጅ ሽማግሌዎች መሐል ተቀምጦ «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ እየሰማ ነገር ማቅናትን ይማራል። እኛ ዘንድ ጎንደር ደግሞ የጥንቱ የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት በቤተ ክርስቲያን ከመምህር አፍ ይቀጸል ነበር። ኤክስተርንሺፕ ተማሪውን እንደገና ወደ መስማት ይመልሰዋል።

ጎንደር ላለ ተማሪ ትልቁ ጥቅሙ ግን በሥርዓተ ትምህርት ሰነዶች ላይ ጎልቶ የማይጻፍ ነገር ነው፤ ቋንቋ። አምስት ዓመት ሕግ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። የክልሉ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ ነው። የፌዴራሉ ሕግም ቢሆን አማርኛው ነው የሚገዛው፤ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለቱም ቋንቋ ይታተማል፣ ልዩነት ሲፈጠር የአማርኛው ቅጂ የበላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንቴ አንድ ዳኛ ከችሎት በኋላ ጠርተው «ቅድም የሰማኸው ጉዳይ ጭብጡ ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። መልሱን አውቀው ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ክርክሩ የሚያርፍበትን ጥያቄ ክፍል ውስጥ የምንጠራበት «ኢሹው…» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነው። ዳኛው ታገሡኝ፤ መዝገቡን ከፍተው የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ አሳዩኝ፤ «ጭብጥ» ብለው ቁጥር ሰጥተው ሁለት መስመር ጽፈዋል። ኮዝ ኦፍ አክሽን «የክስ ምክንያት»፣ በርደን ኦፍ ፕሩፍ «የማስረዳት ሸክም»፣ ፕሪሊሚናሪ ኦብጄክሽን «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ» መሆኑን ክፍል ውስጥ ሰምቼው ይሆናል፤ ይዤው የቀረሁት ግን እዚያ ነው። ይርጋ፣ ጣልቃ ገብ፣ አፈጻጸም፣ የፍርድ ባለዕዳ። ብይን፣ ትእዛዝ እና ፍርድ አንድ እንዳልሆኑም እዚያ ነው የገባኝ፤ ብይን በክርክሩ መሐል በተነሣ ነጥብ ላይ የሚሰጥ ነው። «ብይን ተሰጠ» ሲባል ጉዳዩ ያለቀለት የሚመስለው ባለጉዳይ ብዙ ነው፤ ልዩነቱን በአማርኛ ማስረዳት የማይችል የሕግ ምሩቅ ለእሱ ምን ያደርግለታል?

ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። ተማሪው ፖሊስ አጣርቶ የላከውን የምርመራ መዝገብ ያነባል፤ ከዚያ ለልምምድ ክስ ይጽፋል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት በአንቀጽ 111 እና 112 ዘርዝሯል፤ የተከሳሹ ስም፣ ወንጀሉ፣ ጊዜው፣ ቦታው፣ የተጣሰው አንቀጽ። ክፍል ውስጥ ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የመጀመሪያዬ የስርቆት ክስ ላይ «ከምሽቱ 2፡00 ሰዓት ሲሆን በጎንደር ከተማ ልዩ ቦታው አዘዞ ተብሎ በሚጠራው አካባቢ» ብዬ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጀመርኩ፤ የተወሰደውን ስልክ ዓይነትና ግምት ጻፍኩ፤ ጨረስኩ። የተመደቡልኝ ዐቃቤ ሕግ አንብበው በቀይ እስክሪብቶ ባዶ ቦታ ላይ አከበቡ። የቀረው «የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት አስቦ» የሚለው ነው። «ይሄ ከሌለ የጻፍኸው ስልክ መውሰድን ነው እንጂ መስረቅን አይደለም» አሉኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የሐሳብ ክፍል እያልን የተማርነው ነገር አራት ቃል ሆኖ ቁጭ አለ። እነዚያን አራት ቃላት የሚረሳ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ መቃወሚያ ሲያነሣ የሚመልሰው አያገኝም።

ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን አንድ ሰው ነው። ከአዘዞ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጡ አርሶ አደር። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል። ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለ ዳኛ መስያቸው ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ መዝገቤ ተዘጋ አሉኝ። መሬቴ ሄደ ማለት ነው?» አሉኝ። በቀጠሮው ቀን ባለቤታቸው ታማ ሳይመጡ ቀርተዋል፤ ተከሳሹ ቀርቧል፤ ክሱ ተሰርዟል። የተዘጋበትን ቀን ስቆጥር 26 ቀን ሆኖታል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 74 ከሳሽ ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ እንዲነሣለት የሚጠይቀው በአንድ ወር ውስጥ ነው ይላል። ያ አንቀጽ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ቁጥር ነበር፤ እዚያ ኮሪደር ላይ የቀረ አራት ቀን ሆነ።

ምን ላድርግ? ምክር ልስጣቸው ብል ፈቃድ የለኝም፤ ደግሞም የተመደብኩት በፍርድ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ለአንዱ ወገን ብናገር ሌላው ወገን የፍርድ ቤቱን ገለልተኝነት በእኔ በኩል ይጠራጠራል። ዝም ልበል ብል ደግሞ ቀኑ ያልፋል። ለተቆጣጣሪዬ ነገርኳቸው። «ምክር አትስጥ፤ የት መሄድ እንዳለባቸው ማሳየት ግን ክልክል አይደለም፤ ቀን እንዳያልፋቸው በላቸው» አሉኝ። «አባቴ፣ መሬትዎ አልሄደም፤ ግን ዛሬውኑ እዚህ ይሂዱ» ብዬ ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ አደረስኳቸው። ማመልከቻው በዕለቱ ተጻፈ። ውጤቱን ሳላይ ጊዜዬ አልቋል፤ እስከ ዛሬም አስባቸዋለሁ። ተማሪ ማድረግ የሚችለውና የማይችለው ድንበር የት እንደሆነ ከማንም መጽሐፍ ይልቅ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሌሎቹንም ቦታዎች ላንሣ። ፖሊስ ምርመራ ክፍል የሄደ ተማሪ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብበት ያስቀመጠው 48 ሰዓት እንዴት እንደሚቆጠር ያያል። ማረሚያ ቤት የተመደበ ተማሪ ቀጠሮ ሲራዘም ምን እንደሚሆን ያያል። የከተማ አስተዳደር ሕግ ክፍል ውል መርምሮ አስተያየት መስጠትን ያስተምራል፤ ገቢዎች የግብር ቅሬታን። የሚመረጠው ቦታ እንደ ተማሪው ፍላጎት ነው። እኔን ከጠየቃችሁ ግን ስማችሁን የሚያውቅና የጻፋችሁትን የሚያርም ሰው ያለበትን ምረጡ፤ የመሥሪያ ቤቱ ትልቅነት አያርምላችሁም።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከፍርድ ቤቱ በፊት የተመደብኩበት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። እዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሠራሁት ፋይል ላይ ቁጥር መለጠፍና ፎቶ ኮፒ ማንሣት ነው። ተቆጣጣሪ የተባለው ሰው የዕለት ማስታወሻዬን ሳያነብ ይፈርማል። ሰው የሚጣላው ያለ ፍርድ በተወሰደበት ነገር ነው፤ አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ለዚህ ነው፤ እኔም ስለዚያ የባከነ ጊዜ ያለኝ ቅሬታ ዛሬም አልወጣልኝም። ያዳነኝ ነገር ለዩኒቨርሲቲ መምህሬ በጽሑፍ ማሳወቄ ነው። በሦስተኛው ቀን ቦታ ተቀየረልኝ። ሳትፈሩ ተናገሩ፤ መምህሩ የተመደበላችሁ ለዚህ ጭምር ነው።

ለመሥሪያ ቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። ተማሪ ሲመጣ ሥራ የሚጨምር መስሎ ይታያል፤ እውነት ነው፣ የጻፈውን ማረም ጊዜ ይወስዳል። ግን ዛሬ መዝገብ የምትሰጡት ልጅ ነገ ከፊታችሁ ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ ወይም ከጎናችሁ የሚቀመጥ ዳኛ ነው።

የምትወጡ ተማሪዎች፣ የመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልጋችሁ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ፣ መታወቂያ፣ እና ደብተር ነው። የባለጉዳይ ስም ማስታወሻችሁ ላይ አትጻፉ፤ መዝገቡን በስልክ ፎቶ አታንሡት፤ ከባለጉዳይ ሻይ እንኳ አትቀበሉ። ከከሳሽ ወይም ከተከሳሽ ጋር የምትዛመዱበት ጉዳይ ከመጣ ወዲያው ተናገሩና ከመዝገቡ ራቁ። ደብተራችሁን ከኋላ በኩል ገልብጣችሁ ለአማርኛ ቃላት ብቻ ገጽ ለዩ። የእኔ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እስከ አሁን «ጭብጥ» የሚለው ቃል በዳኛው የእጅ ጽሑፍ አለ።