የሶፍትዌር መሞከሪያን ክፍት መተው ወይስ መገደብ፦ ሰሜን ሸዋ

መሞከሪያ ወይም ዴሞ የሚባለው፣ ተጠቃሚዎች አንድን ሶፍትዌር ከመግዛታቸው ወይም በሥራ ላይ ከማዋላቸው በፊት ገብተው እንዲለማመዱበት በበይነ መረብ ላይ የሚቀመጥ ቅጂ ነው። ማን ይግባበት የሚለው ጥያቄ በሰሜን ሸዋ ዞን ከርቀት ጋር የተያያዘ ነው። ሥልጠና በደብረ ብርሃን ሲሰጥ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ባለሙያ ለመላክ አበልና ትራንስፖርት ያስፈልጋል፤ የሥራ ቀናትም ይባክናሉ። ክፍት መሞከሪያ ካለ ግን የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ባለበት ሆኖ፣ ስህተቱ ማንንም ሳይጎዳ መለማመድ ይችላል።

የጤና ሚኒስቴር ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 ጥሩ አብነት ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ይህ ሥርዓት የይለፍ ቃሉ ለሁሉም የታወቀ መሞከሪያ አለው፤ የሚታየውም በሴራሊዮን ስም የተዘጋጀ የመለማመጃ መረጃ ነው። የትምህርት መድረኩ ሙድልም በየሰዓቱ የገባውን ሁሉ ጠርጎ ወደ መነሻው የሚመለስ መሞከሪያ አለው።

አደጋው የሚመጣው መሞከሪያው እውነተኛ መረጃ ሲሸከም ነው። ሥልጠናው እውነት እንዲመስል ተብሎ የታካሚዎች መዝገብ ከዋናው ሥርዓት ይገለበጣል፤ ይህ በምንም ምክንያት መፈቀድ የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ይቆጥራል። በትንሽ ወረዳ ደግሞ ስም ቢሰረዝ እንኳ ቀበሌ፣ ዕድሜና የበሽታ ዓይነት ተደምረው ሰውየውን ያሳውቃሉ። እንዲህ ያለውን ቅጂ በይለፍ ቃል መቆለፍ አይበቃም፤ መረጃው ራሱ መውጣት አለበት።

መረጃው የፈጠራ ከሆነ በኋላ የሚቀሩት ስጋቶች ቀለል ያሉ ናቸው። ፋይል መጫንና ኢሜይል መላክ ከተዘጋ፣ መሞከሪያው ከዋናው ሰርቨር ከተለየና በየጊዜው ከታደሰ፣ ክፍት መተዉ የተሻለ ነው። ከፍለጋ ውጤት መሰወር ግን መቆለፊያ አይደለም፤ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ይገባል። በአይፒ አድራሻ፣ ማለትም መሣሪያው በበይነ መረብ ላይ በሚታወቅበት ቁጥር፣ መገደብም በሞባይል ዳታ ለሚሠሩ ሰዎች አይመችም፣ አድራሻቸው ይለዋወጣልና።

መገደብ ግድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲታይ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጊዜው የሚያበቃ የራሱ መግቢያ መስጠት ይሻላል። ለሁሉም የተሰጠ አንድ የይለፍ ቃል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ማን እንደገባም አይታወቅም። መግቢያውን የሚያድለው ሰው ስልክም በገጹ ላይ ይጻፍ።