የብር ፎይልና የብር ሊፍ ምንድን ናቸው? ጨሌ ላይ ሳይጎዱ እንዴት ይሠራባቸዋል?

የብር ፎይልና የብር ሊፍ ተቀጥቅጦና ተዳምጦ የሳሳ ንጹሕ ብር ናቸው። የሚለያዩት በውፍረት ነው። ፎይሉ በጣት ይያዛል፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ሲታጠፍ ይንኮሻኮሻል። ሊፉ ግን ውፍረቱ የ1 ሚሊሜትር 5,000ኛ ገደማ ስለሆነ ትንፋሽ ያበረዋል፤ ላብ ባለው ጣት ከነኩት እዚያው ተለጥፎ ይቀራል። ጨሌ ሠሪ ሁለቱንም በጋዝ እሳት የለሰለሰ ብርጭቆ ላይ ይለጥፋቸዋል፤ ከፈለገም በላያቸው ጥርት ያለ ብርጭቆ ያለብሳል። ያኔ ጨሌው ብርሃን ሲያገኘው ከውስጥ ያበራል። ቬኒስ አጠገብ ያለችው የሙራኖ ደሴት ጨሌ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

በሐረር አንጥረኛ ብር ሲሠራ ኖሯል። ጨሌም በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ ሴቶች አንገት ላይ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ብርና ብርጭቆን በአንድ ዶቃ ላይ ለማገናኘት የሚነሳ ሰው ስለ ብር የሚጠይቀው ባለሙያ እዚሁ አያጣም። የሚያጣው ስለ ጋዝ እሳትና ስለ ብረት ትነት የሚነግረውን ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ሰው ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ብር ጨሌው ላይ እስካለ ድረስ ሰው አይጎዳም፤ የሚጎዳው አየር ላይ ሲወጣ ነው። ብሩ እሳት ውስጥ እየሳሳ፣ እየቀነሰ፣ በመጨረሻም ከጨሌው ላይ ከጠፋ የትም አልሄደም፤ ሠሪው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ጨሌውን የሚያሳምረው ጥንቃቄና ሳንባን የሚጠብቀው ጥንቃቄ አንድ ናቸው።

ችግሩ ጠጣሩ ብር እንዳልሆነ ማሳያ አለ። በሕንድ ጣፋጭ ላይ ቫራክ የሚባል የብር ሊፍ ይለጠፋል፤ ሰው ይበላዋል። በአውሮፓም ብር ኢ 174 በሚል መለያ የምግብ ማስዋቢያ ሆኖ ተመዝግቧል። ሊፉን በወረንጦ ማንሳት፣ ፎይሉን መቁረጥ፣ በጣት መንካት አያስፈራም። ነገሩ የሚለወጠው እሳት ሲመጣ ነው።

ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ በ2,162 ዲግሪ ይፈላል። የፕሮፔንና የኦክስጅን ነበልባል ደግሞ በጣም በሚሞቅበት ቦታ ከ2,500 ዲግሪ ያልፋል። እንግዲህ እሳቱ ብሩን ማቅለጥ ብቻ ሳይሆን የማፍላት አቅም አለው ማለት ነው። ብሩን የሚያድነው ከሥሩ ያለው ብርጭቆ ነው፤ ብርጭቆው ከነበልባሉ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ሙቀቱን ይስብለታል። ከብርጭቆው ተነጥሎ የቆመ የፎይል ጫፍ ግን ይህ መጠለያ የለውም፤ በዓይን ቅጽበት ይቃጠላል። ደግሞም ለመትነን የግድ መፍላት አያስፈልግም። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ውሃው ሳይፈላ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ የቀለጠ ብርም ከመፍላቱ በፊት ቀስ እያለ ይተናል።

ምን ያህሉ ብዙ ነው? የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን አማካይ በ1 ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ0.01 ሚሊግራም በላይ ብር እንዳይኖር ይደነግጋል። ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች፣ ጣሪያዋ 2 ሜትር ከግማሽ የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። ስለዚህ አየሩን እስከ ወሰኑ ለመሙላት 0.3 ሚሊግራም ብር ይበቃል። አንድ የብር ሊፍ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ይመዝናል ብንል፣ ያ ከሊፉ ከሠላሳ አንድ እጅ አይሞላም። በእርግጥ ይህ በወረቀት ላይ ያለ ሒሳብ ነው፤ ትነቱ ሁሉ አየር ላይ አይቆይም፣ ግድግዳም ላይ ያርፋል፣ በመስኮትም ይወጣል። ቢሆንም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብር ማቃጠል ለምን ቀልድ እንዳልሆነ ያሳያል።

ለረጅም ጊዜ ብር ወደ ሰውነት ሲገባ አርጂሪያ የሚባል ነገር ያመጣል። ቆዳ፣ ድድና የዓይን ነጭ ክፍል ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይለወጣሉ፤ አንዴ ከተለወጡ አይመለሱም። የብር ዱቄትና የብር ጨው በሚሠራባቸው ፋብሪካዎች በሠሩ ሰዎች ላይ ታይቷል። ሳምንት ውስጥ ጥቂት ጨሌ በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው እዚህ አይደርስም፤ ሆን ብለው ብርን በነበልባል አትንነው ብርጭቆ ላይ የሚያሳርፉ ግን ሊያስቡበት ይገባል። እንዲህ ያለው ሥራ አየር በኃይል የሚያወጣ መሣሪያ ሳይኖር ፈጽሞ አይነካም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ትልቁ አደጋ ልምጣ። በእኔ እምነት ጀማሪን የሚጎዳው ንጹሕ ብር ሳይሆን በብር ስም የመጣው ሌላ ነገር ነው።

ጀጎል ውስጥ አንድ አንጥረኛ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ወጣት የአያቷን ጠገራ ብር ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እንደ ወረቀት ያሳሱልኛል? ዶቃ ላይ ላቀልጠው ነው» አለችው። አንጥረኛው ሳንቲሙን በጣቱ አገላብጦ «ልጄ፣ ይሄ ብር ብቻ አይደለም፣ ይጠቁርብሻል» አላት። ቀጥሎም ሁለት ቁራጭ በጉጠት ይዞ ከሰሉ ላይ አጋለላት። ሁለቱም ቀልተው ሲወጡ አንዱ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ ሌላው ከጠርዙ ጀምሮ ጠቆረ። ነጩ ንጹሑ ነው።

ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ሲግል የሚያጠቁረው ይኸው መዳብ ነው። ብርጭቆ ላይም ብሩን ያጨልመዋል፣ ብርጭቆውንም ወደ አረንጓዴ ያደላበታል። ይህ የመልክ ጉዳት ነው፤ ከእሱ የሚብሰው አሮጌ ጌጥ ቀጥቅጦ መጠቀም ነው። ጌጥ ብየዳ አለው፣ አንዳንድ የብር ብየዳ ደግሞ ካድሚየም አለበት። ካድሚየም በ767 ዲግሪ ይፈላል፤ ብሩ ገና ሳይቀልጥ እሱ ጭስ ሆኖ ወጥቷል። ጭሱን የሳበ ሰው ወዲያው ላይሰማው ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ጉንፋን የመሰለ ትኩሳት፣ ሳልና የደረት መጨናነቅ ይይዘዋል፤ ሳንባን አቁስሎ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። ብየዳው ውስጥ ያለው ዚንክም በ907 ዲግሪ ይፈላል፣ የራሱን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ስለዚህ የአያት አምባር አምባር ሆኖ ይኑር። ጨሌ ላይ የሚገባው 999 የሚል ምልክት ያለው፣ ከታወቀ ሻጭ የተገዛ ንጹሕ ብር ብቻ ነው።

በብር ቀለም የሚሸጥ የማስጌጫ ሊፍም አለ፤ ለፍሬምና ለዕቃ ማስዋቢያ የሚሆን። ብዙው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ብርጭቆ ላይ እንደ ብር አይሆንም፤ አመድማ ሆኖ ተኮማትሮ ይቀራል። የወጥ ቤት ፎይልም ያው ነው። ዋጋው ለብር እጅግ የረከሰ ከሆነ ብር አይደለም።

ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። ፎይሉ በጨሌው ወርድ ልክ ይቆረጥና ጠፍጣፋ ግራፋይት ወይም ብረት ላይ ይዘረጋል። በቀጭን ብረት ዘንግ ላይ የተጠቀለለው ጨሌ በእሳት ይሞቃል፤ ከዚያ ከነበልባሉ ወጥቶ ቅላቱ እስኪደበዝዝ ትንሽ ይጠበቃል። ከዚያ ፎይሉ ላይ ይንከባለላል፣ ፎይሉም ይጣበቃል። ብዙዎች ቸኩለው የሚያልፉት ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ወደ እሳት ከመመለሱ በፊት ጠርዙ ሁሉ በጠፍጣፋ መሣሪያ ተጭኖ ብርጭቆው ላይ መተኛት አለበት። አንድ የቆመ ጫፍ ከቀረ መጀመሪያ የሚተነው እሱ ነው። ከዚያ ጨሌው ወደ ነበልባሉ የውጭ ጫፍ ይመለሳል እንጂ ወደ መሐሉ አይገባም፤ እየዞረም ለአጭር ጊዜ ይሞቃል። የብሩ ሽብሽብ ሲጠፋና ፊቱ ሲለሰልስ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ብሩ ተሰብስቦ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይሆናል፤ አንዳንዱ ይህን መልክ ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። ነጠብጣቡም መቀነስ ከጀመረ ግን ብሩ እየተነነ ነው፣ ጨሌው ከእሳት ይውጣ።

ጥርት ያለ ብርጭቆ ሲለብስ እሳቱ የሚያርፈው በሚደረበው ብርጭቆ ላይ እንጂ ብሩ ላይ መሆን የለበትም። ብሩ ከተሸፈነ በኋላ መትነኑ ያቆማል፤ ከአየር ስለተለየም ዓመታት ቢቆይ አይጠቁርም። ከላይ የቀረ ብር ግን እንደማንኛውም የብር ጌጥ ይጠቁራል።

ቀለሙ ብዙ ይናገራል። የዝሆን ጥርስ ቀለም ባለው ብርጭቆ ላይ የተለጠፈ ሊፍ ቡናማና ጥቁር ሥራሥር ያወጣል፤ ብሩ ብርጭቆው ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ስለሚዋሐድ ነው። ጥርት ያለው ብርጭቆ ወደ ቢጫ ካደላ ደግሞ ብር ወደ ብርጭቆው ሰርጎ ገብቷል ማለት ነው። የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ሠሪዎች ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቢጫ ቀለም ያወጡ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው። ፎይል ባልነካው የጨሌው ክፍል ላይ ቢጫ ጉም ከታየ ግን ብሩ ተንኖ እዚያ አርፏል፤ ጨሌው ላይ ያረፈው ያህል ሌላውም አየር ላይ አለ።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ሥራ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያነሳው ሙቀቱን ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቀትር ላይ እሳት አጠገብ መቀመጥ ይከብዳል፤ እጅም ሳይታሰብ ወደ ቬንትሌተሩ ማብሪያ ይሄዳል። ቬንትሌተር ከጣሪያ ላይ ሲዞር ግን አየሩን ያማስላል እንጂ አያወጣም፤ ትነቱን ከእሳቱ አንስቶ ወደ ፊት ይመልሰዋል፣ ሊፉን ይበትናል፣ ነበልባሉንም ያወዛውዛል። የሚያስፈልገው ከእሳቱ ጀርባ አየሩን ጎትቶ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ነው። መስኮት ላይ ይገጠም፤ ሠሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይቀመጥ፤ ከጀርባው በኩል ያለው በር ክፍት ሆኖ ንጹሕ አየር ያስገባ። አየሩ ከጀርባ መጥቶ በሠሪው በኩል ወደ እሳቱ አልፎ ሲወጣ ትነቱ አፍንጫ ጋ አይደርስም። በማለዳ መሥራት ደግሞ ለሙቀቱ ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው። የጨርቅ ማስክ የብረት ትነት አያስቀርም። ለዚህ የተሠራ ፊልተር ያለው ማስክ ይረዳል፣ የማራገቢያውን ቦታ ግን አይተካም።

አየር ማውጣቱ ለብር ብቻ አይደለም። የጋዝ ነበልባል ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይሠራል፤ የመጀመሪያው ሽታ የለውም። ሲሊንደር ውስጥ ያለው የምግብ ማብሰያ ጋዝም ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ጎማውና መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይፈተሽ። የኦክስጅን መጋጠሚያ ዘይትና ግሪስ ፈጽሞ አይነካው። ዓይንን በተመለከተ፣ ብርጭቆ እሳት ውስጥ ሲገባ የሚያወጣውን ደማቅ ቢጫ ብርሃን የሚቆርጥ ዲዲሚየም የሚባል መነጽር አለ፤ የጸሐይ መነጽር አይተካውም።

ልብስ ላይ አንድ ቃል። ድሪያ ለድሬ ሙቀት የሚመች ልብስ ነው፤ ስስና ሰፊ እጅጌው ግን እሳት አጠገብ አይሆንም፣ በተለይ ፖሊስተር ከሆነ፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሽርጥም እንዲሁ። ጥጥ ልብስ፣ ጠበብ ያለ እጅጌ፣ የታሰረ ፀጉር፣ የተሸፈነ ጫማ ይደረግ። ትኩስ የብርጭቆ ስባሪ ሸበጥ ውስጥ ሲወድቅ ለማውለቅ ጊዜ አይሰጥም።

ያለቀው ጨሌ በአየር ላይ አይቀዝቅዝ። በአነስተኛ ሙቀት የሚለሰልሰው የጨሌ ብርጭቆ 500 ዲግሪ ገደማ በሆነ እቶን ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ መውረድ አለበት፤ ካልሆነ ከቀናት በኋላም ይሰነጠቃል። ከዘንጉ ከወጣ በኋላ ቀዳዳው ውስጥ የሚቀረው፣ ብርጭቆው ዘንጉ ላይ እንዳይጣበቅ የተቀባው ነጭ ሽፋን የሸክላ አፈርና ሌላ ደቃቅ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ስለሆነ ቀዳዳው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይጠረግ እንጂ በደረቁ አይፋቅ። ጠረጴዛውም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ መጥረጊያ አቧራውን መልሶ ያስነሳዋል።

ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ የሚሠራ ሰው ጥቂት አይደለም። በዚህ ሥራ ግን ጫቱም፣ ሻዩም፣ ምሳውም ከጠረጴዛው ይራቁ። ከእሳቱ የተነሣው ትነት ቅጠሉ ላይ ያርፋል፤ እጅም ከብርጭቆው ወደ አፍ ይመላለሳል። ብዙ ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ብርጭቆዎች ቀለማቸውን የሚያገኙት ከካድሚየም ነው፣ አንዳንዱም እርሳስ አለበት። ከእሳቱ ተነሥቶ፣ እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ሌላ ክፍል ገብቶ መቃም ይቻላል። የፎይሉ ቁርጥራጭ ደግሞ አይጣል፤ በትንሽ ብልቃጥ ይጠራቀም፣ ንጹሕ ብር ስለሆነ አንጥረኛው በሚዛን ይገዛዋል።