የሞርሞን ሚሲዮናዊ ምንድን ነው?

ሁለት ወጣቶች ናቸው። ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም ባጅ። አንዳንዴ ሳይክል ከነሄልሜቱ። ፀሐይ አናት ሲበሳ እንኳ ከረባታቸውን አያላሉም። አሜሪካ ያላችሁ በራችሁን አንኳኩተው ይሆናል። አዲስ አበባ ያላችሁም መንገድ ላይ ሰላም ብለዋችሁ ያውቁ ይሆናል። ብዙ ሰው "ጆቫዎች ናቸው" ብሎ ያልፋቸዋል። አይደሉም። የሞርሞን ሚሲዮናውያን ናቸው።

ስለ እምነቱ ባጭሩ ልበልና ወደ ልጆቹ ልለፍ። ቤተክርስቲያኗን በ1830 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የመሠረታት ጆሴፍ ስሚዝ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ዋና መሥሪያ ቤቷ ዛሬ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ ዩታ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መጽሐፈ ሞርሞን የሚባል ቅዱስ መጽሐፍ አላቸው፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። ሙሉ ስሟ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ነው። በ2018 የያኔው ፕሬዚዳንቷ ራስል ኔልሰን "ሞርሞን አትበሉን፣ በሙሉ ስማችን ጥሩን" ብለው አሳስበዋል። እኔ እዚህ የምጠቀምበት አንባቢ የሚያውቀው ስም ስለሆነ ነው። ስለ ሥላሴ ያላቸው ትምህርት ከኦርቶዶክሱም፣ ከካቶሊኩም፣ ከጴንጤውም ይለያል። ስለዚህ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀታቸውን አይቀበሉም። ክርክሩ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ሚሲዮናዊ ማለት እንግዲህ ትምህርቱን፣ ሥራውን፣ ፍቅረኛውን ትቶ ለወንጌል ሥራ የተላከ ወጣት ነው። ወንዶቹ 2 ዓመት፣ ሴቶቹ 18 ወር ያገለግላሉ። በዓለም ዙሪያ ከ70 ሺህ በላይ ናቸው። በ2012 የመነሻ ዕድሜው ለወንዶች ከ19 ወደ 18፣ ለሴቶች ከ21 ወደ 19 ሲወርድ ቁጥራቸው በአንዴ ተተኮሰ። በ2025 መጨረሻ ደግሞ የሴቶቹም 18 ሆነ። ወንዱ "ኤልደር እከሌ"፣ ሴቷ "ሲስተር እከሊት" ተብለው በአባት ስማቸው ይጠራሉ። በመጀመሪያ ስም መጠራራት ለ2 ዓመት ቀረ ማለት ነው።

ግዴታ ነው ወይ? ለሴቶቹ በፈቃድ ነው። ለወንዶቹ ግን "የክህነት ኃላፊነታችሁ ነው" ተብሎ ይሰበካል፤ በእነሱ ዘንድ ክህነት ለተራው ወንድ አባልም ይሰጣል። ማንም እጅ ጠምዝዞ አይልክም። ነገር ግን ዩታ ውስጥ ያደገ የ18 ዓመት ልጅ "አልሄድም" ቢል እናቱ፣ አያቱ፣ ጎረቤቱ ምን እንደሚሉ ከወዲሁ ያውቀዋል።

ደመወዝ የለውም። እንዲያውም ከፋዩ እሱ ነው። ከአሜሪካ የሚነሳ ሚሲዮናዊ ከ2020 ጀምሮ በወር 500 ዶላር ያዋጣል፤ በፊት 400 ነበር። በ24 ወር 12 ሺህ ዶላር ይሆናል። ከልጅነቱ ጀምሮ ለዚሁ ብሎ የሚያጠራቅም አለ፤ ቤተሰብ የሚከፍልለትም አለ። ገንዘቡ አንድ ቋት ስለሚገባ ውዱ ቶኪዮ የደረሰውም ርካሽ ከተማ የደረሰውም እኩል ነው የሚከፍለው። ድሃ አገር ያለውን ቤተክርስቲያኗ ትደጉመዋለች። የቤት ኪራዩን ሚሽኑ፣ ማለትም የተመደበበት አካባቢ ጽሕፈት ቤት፣ ይችላል። ለምግብና ለትራንስፖርት በየወሩ ትንሽ ብር ካርዱ ላይ ይገባለታል፤ ወሩን ካላደረሰው ፓስታ በፓስታ ነው።

የት እንደሚሄድ ራሱ አይመርጥም። ማመልከቻውን ያስገባል፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ያሉት ሐዋርያት (የቤተክርስቲያኗ ከፍተኛ መሪዎች ናቸው) ይመድቡታል። ድሮ ምደባው በትልቅ ነጭ ፖስታ ይመጣ ነበር፤ ከ2018 ወዲህ በኢንተርኔት ነው። ያን ቀን ዘመድ አዝማድ ሳሎን ይሰበሰባል፣ ስልክ ተደግኖ ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል። አንዱ ሞንጎሊያ ይወጣለታል። ሌላው ከዩታ አጠገብ ያለችው አይዳሆ። አይዳሆ የወጣለትም እኩል መጮህ አለበት።

ከዚያ ማሠልጠኛ ይገባል። ትልቁ ፕሮቮ፣ ዩታ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ አክራና ጆሃንስበርግ አሉ። አዲስ ቋንቋ የሚማረው ከ6 እስከ 9 ሳምንት ይቆያል። ገና ፊደሉን በቅጡ ሳይለይ፣ በገባ በቀናት ውስጥ፣ ተማሪ መስሎ ለሚቀርብለት ሰው በዚያው ቋንቋ እንዲያስተምር ይደረጋል። ይንተባተባል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ቋንቋ በአፍ እንጂ በደብተር አይገባም የሚል አስተሳሰብ ይመስላል፤ በእኔ እይታ ትክክል ነው። የሁለት ዓመት አገልግሎት ጨርሰው እንደ አገሬው የሚያወሩ ፈረንጆች ያጋጠሟችሁ ከሆነ፣ ሚስጥሩ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰው ሚሲዮናዊነትን በር ማንኳኳት ብቻ አድርጎ ያየዋል። ለኔ ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፦ ባልደረባ። ሚሲዮናዊ ብቻውን አይሆንም። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደላካቸው፣ እነዚህም ጥንድ ጥንድ ናቸው። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት። ደንቡ ባልደረባህ ከዓይንህና ከጆሮህ አይራቅ ይላል። ገበያ አብሮ፣ ማስተማር አብሮ፣ ጸሎት አብሮ፣ መኝታ ክፍል አብሮ። በር ዘግቶ ለብቻ መሆን የሚቻለው መታጠቢያ ቤት ብቻ ነው።

ባልደረባውንም አይመርጥም። ቤተሰብ አጭቶ እንዳጋባቸው የድሮ ሙሽሮች ናቸው፤ ተዋውቀው ሳይጨርሱ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። አንዱ የቶንጋ ልጅ፣ ሌላው የዩታ። አንዱ ሲተኛ ያንኮራፋል። አንዱ ሰሃን አጥቦ አያውቅም። አንዱ ደንብ በነጥብ ያከብራል፣ ሌላው "ተው በናትህ" ባይ ነው። ቢጣሉ ወጥቶ ነፋስ መቀበል የለም፤ ከወጣም ያው ሰውዬ ተከትሎት ይወጣል። በየሳምንቱ ቁጭ ብለው "ምን አስቀየምኩህ?" የሚባባሉበት ጊዜ በፕሮግራም ተይዞላቸዋል። በየ6 ሳምንቱ ደግሞ ትራንስፈር የሚሉት አለ። መልእክት ይመጣል፤ አንዱ ሻንጣውን ይዞ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ባልደረባ። ሁለት ትራንስፈር ወይም ከዚያ በላይ አብረው የሚቆዩ ብዙ ናቸው። የማይዋደዱ ከሆነ 6 ሳምንት ረዥም ነው።

ቀኑ ከጠዋቱ 12፡30 ይጀምራል። ሰዓቱ እንደ አገሩ ትንሽ ይለያያል፤ በ2017 ፕሮግራሙ ላላ ተደርጓል። ፑሽአፕ ወይ ሩጫ፣ ሻወር፣ ቁርስ። ከዚያ ጥናት። ጠረጴዛዋ ላይ መጽሐፉ፣ ስልኩና የትናንቱ የቁርስ ሰሃን ተደራርበዋል። መጀመሪያ ለየብቻ ያነባሉ፣ ከዚያ አብረው፣ ከዚያ ቋንቋ። አራት ሰዓት ገደማ ወጡ ማለት ነው። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ውጪ ናቸው። አራት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል።

ውጪ ምን ይሠራሉ? በር ያንኳኳሉ፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። አሁን ስማርት ስልክ አላቸው፤ ፌስቡክና ዋትስአፕ ላይ ሰው ይፈልጋሉ። የቤተክርስቲያኗ አባላትም "ጓደኛዬን አነጋግሩልኝ" ይሏቸዋል። በብዙ አገር ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣሉ። ቀጠሮ ይይዛሉ፤ የቀጠረው ሰው ይጠፋል። ይህ የየቀኑ እንጀራቸው ነው። አውቶቡስ ቀይረው፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ሲያንኳኩ መጋረጃው ትንሽ ይነቃነቃል፣ በሩ አይከፈትም። ማታ ላይ ስንት ሰው አስተማርን፣ ስንት ሰው እሁድ ይመጣል፣ ማን ለመጠመቅ ቀን ቆረጠ የሚለውን ይመዘግባሉ፤ በየሳምንቱ ወደ ላይ ሪፖርት ይሄዳል። ዓመት ለፍቶ አንድም ሰው ሳያጠምቅ የሚመለስ አለ። በተለይ አውሮፓ የተመደበ።

ይህን ኑሮ የቀመሱ የታወቁ ሰዎችም አሉ። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ሚት ሮምኒ ከ1966 እስከ 1968 ፈረንሳይ ነበር። እንደ ቦርዶ ባለ የወይን አገር ሰዎችን "ወይን ተዉ" ብሎ መስበክ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ምክንያቱም አይጠጡም። አልኮል የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ሻይ የለም፣ ቡናም የለም። ይህ ሕግ የሚሲዮናውያኑ ብቻ ሳይሆን የአባላቱ ሁሉ ነው፤ ከ1833 የመጣ ነው። አሁን አንዱን አዲስ አበባ አስቀምጡት። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ የተቆላው ቡና በየእንግዳው አፍንጫ ሥር ይዞራል። ልጁ ያሸታል፣ "እንዴት ደስ ይላል" ይላል፣ ፈንዲሻውን ይዘግናል። ሲኒው ሲመጣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። እማማም "ምነው ልጄ፣ ቅር አሰኘንህ?" ይላሉ። ያስረዳል። አቦልም፣ ቶናም፣ በረካም ሲያልፍ ጎኑ ለስላሳ ይዞ ይቀመጣል። ፈረንጁስ ያልለመደውን ነው የሚተወው። እምነቱን ለሚቀበል ያገሬ ሰው ግን ጀበናን መተው ከብዙ የሃይማኖት ክርክር በላይ ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ። ጎረቤት የሚሰበሰበው እዚያው ላይ ነዋ።

ከኢትዮጵያ ጋር ያላቸው ነገር ከሚሲዮናውያኑ ይቀድማል። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ የቤተክርስቲያኗ አባላት ልዩ ጾም ጾመው ያልበሉበትን የምግብ ወጪ ለገሱ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። እነሱ ወትሮም በወር አንድ እሁድ ሁለት ምግብ ይዘላሉ። (ሁዳዴን ለሚጾም ሕዝብ ይህ ብዙ ላይመስል ይችላል።) እኛ አገር በይፋ የታወቁት በ1993 ነው። ዛሬ አዲስ አበባ የራሷ ሚሽን አላት፤ መጽሐፈ ሞርሞንም በአማርኛ ተተርጉሟል።

ጥቁር አንባቢ ማወቅ ያለበት ሌላም ታሪክ አለ። እስከ ሰኔ 1978 ድረስ የአፍሪካ ዘር ያለው ወንድ በዚህች ቤተክርስቲያን ክህነት አይሰጠውም ነበር። ኤልደር የክህነት ማዕረግ ስለሆነ፣ ዛሬ በየከተማው የምናየው አይነት ኤልደር መሆን ለእሱ ዝግ ነበር ማለት ነው። የያኔው ፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምባል ክልከላውን ያነሱት በዚያ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻም ወደ ናይጄሪያና ጋና ሚሲዮናውያን ተላኩ። አሁን ባጁን አድርገው የሚዞሩ አፍሪካውያን ሞልተዋል። ጉዳዩ ለነሱ የሩቅ ታሪክ ነው ወይስ የቅርብ የሚለውን ከነሱ መስማት ይሻላል።

በሁሉም አገርም አይሰብኩም። እስራኤል ውስጥ ኢየሩሳሌም ላይ ትልቅ የትምህርት ማዕከል ቢኖራቸውም ሃይማኖት ላለመስበክ ቃል ገብተዋል። ስለዚህ እስራኤል ያላችሁ ባጅ አድርጎ በር የሚያንኳኳ ኤልደር አያጋጥማችሁም።

ሳምንቱ ውስጥ አንድ የምትናፈቅ ቀን አለች፤ ፒ-ዴይ ይሏታል። ልብስ የሚታጠብባት፣ ፀጉር የሚቆረጥባት፣ አስቤዛ የሚገዛባት፣ ኳስ የሚጫወቱባት ቀን ናት። ከሁሉ በላይ ግን ቤት የሚደወልባት ቀን ናት። እስከ የካቲት 2019 ድረስ መደወል የሚፈቀደው በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር፦ በገናና በእናቶች ቀን። ሌላው ጊዜ በኢሜይል ነበር። አሁን በየሳምንቱ በቪዲዮ ይገናኛሉ። ለውጡ ትልቅ ነው፤ በተለይ ለእናቶች። ፊልም፣ የፍቅር ጓደኛ ቀጠሮና የውሃ ዋና ግን እንደተከለከሉ ናቸው።

የሚከብዳቸው አሉ። ጭንቀት፣ ሕመም፣ ናፍቆት፣ የእምነት ጥርጣሬ። ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚመለሱ አሉ። ቤተክርስቲያኗ እነሱን በክብር መቀበል እንደሚገባ ታስተምራለች፤ መንደሩ ግን መንደር ነው። "ምነው ቶሎ መጣህ?" የምትለዋ ጥያቄ ታደክማለች። ዓረብ አገር ሄዶ ሳይሞላለት የተመለሰ ልጅ ያለው የእኛ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

በራችሁን ካንኳኩ ምን ታደርጋላችሁ? ማውራት ከፈለጋችሁ አውሩ፤ ጥያቄ ይወዳሉ፣ የአገራችሁንም ወሬ ይጠይቃሉ። ካልፈለጋችሁ በግልጽ "አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ" በሏቸው። በእኛ ይሉኝታ "እሺ፣ ሌላ ቀን ኑ" ካላችሁ ቀኑን ጽፈው በሰዓቱ ይመጣሉ። ውሃ ስጧቸው፣ በተለይ በበጋ። ቤት ስትቀይሩ ደግሞ ጥሯቸው። ሶፋና ፍሪጅ መሸከም ለነሱ አገልግሎት ነው፤ ሳንቲም አይቀበሉም፣ ምሳ ካላችሁ ግን እምቢ አይሉም።