«ባዮዲግሬደብል» ምንድን ነው? ከገለባ መሠራት ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ተናጋሪ ስለ ምግብ ማሸጊያ ሲያስረዳ ሰማሁ። «ይህ ሳህን ከእርሻ ተረፈ ምርት የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ባዮዲግሬደብል ነው፤ የትም ቢጣል ችግር የለውም» አለ። ማሸጊያ ላይ የምሠራ ሰው ነኝና ይህችን «ስለዚህ» ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። አሁንስ በዛ።

ዕቃው ከምን ተሠራ? አንድ ጥያቄ ነው። ሲጣል ምን ይሆናል? ሌላ ጥያቄ ነው። ብራዚል ውስጥ ከሸንኮራ አገዳ አልኮል የሚመረት ፖሊኤትሊን አለ። ምንጩ አገዳ ነው፤ ጠባዩ ግን ከምናውቀው ፌስታል አይለይም። አይበሰብስም። ከነዳጅ ተሠርቶ የሚበሰብስ ፕላስቲክም አለ።

ባዮዲግሬደብል ማለት ረቂቅ ተሕዋስያን በልተው ሊጨርሱት የሚችሉት ማለት ነው። የት? በስንት ጊዜ? በምን ሙቀት? ቃሉ ብቻውን ይህን አይናገርም።

ጤፍ ይቦካል አይደል? ዱቄቱን ግን በጆንያ አስቀምጡት፤ ዓመት ቢከርም አይቦካም። ውሃ ይፈልጋል፣ እርሾ ይፈልጋል፣ ሙቀት ይፈልጋል። በክረምት ብርድ ሊጥ አልቦካ ያላት ሴት ይህን ከኔ በላይ ታውቃለች። ሳህኑም እንደዚያው ነው። እርጥበቱ ውሃው ነው፤ ባክቴሪያና ፈንገሱ እርሾው ነው፤ ሙቀቱ የሚገኘው ደግሞ ከኮምፖስት ክምር ነው። አንድ ልዩነት አለ። ሊጥ ተከድኖ ይቦካል፤ ኮምፖስት ግን አየር ካጣ ይበላሻል። ሳህኑ በቆሻሻ ተራራ ሥር ታፍኖ ከተቀበረ፣ ቢበሰብስ እንኳ ሚቴን ጋዝ ያወጣል።

አውሮፓውያን «ይበሰብሳል» በሚል ቃል ብቻ ያልረኩት ለዚህ ነው። ኤን 13432 በሚባለው መስፈርታቸው ማሸጊያው በ6 ወር ውስጥ ቢያንስ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አለበት። ከ12 ሳምንት በኋላ ደግሞ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ሲነፋ ወንፊቱ ላይ ከ10 በመቶ በላይ መቅረት የለበትም። ሙከራው የሚደረግበት ሙቀት 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ፒኤልኤ የሚባል ፕላስቲክ የሚበሰብሰው እንዲህ ባለ ሙቀት ነው። የሰፈራችን ቦይ 58 ዲግሪ አይደርስም። እዚያ የተጣለ የፒኤልኤ ኩባያ ለዓመታት ኩባያ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

ባጋስ፣ ማለትም አገዳው ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ፣ ከዚህ ይሻላል። ምንም ካልተቀባ እርጥብ አፈር ውስጥም ይበሰብሳል። እኔም እወደዋለሁ። ግን ትኩስ ሽሮ አድርጉበትና እዩት፤ ያልተቀባ ከሆነ ውሎ አድሮ ሥሩ ወዝ ይላል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ዘይት የሚከለክል ነገር ይጨምሩበታል። ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙት ፒኤፋስ የሚባሉትን ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች ነበር። ገለባው በስብሶ ሲያልቅ እነሱ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ መሸጣቸው መቆሙን የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። አንድ ጠብታ ዘይት ሳህኑ ላይ ጣል አድርጉ። ሳይሰርግ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ፣ ሻጩን ምን እንደተጨመረበት ጠይቁት።

«ተረፈ ምርት» የሚለውንም ቃል ቀስ ብለን እንጠቀምበት። ወንጂም ሆነ መተሐራ ባጋስ ቦይለር ውስጥ ነድዶ እንፋሎት ይሆናል። የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ግድግዳ ይመረግበታል። ለሳህን የወሰድነውን ያህል ከሌላ ቦታ እንቀንሳለን። ደግሞ እርጥብ ተከምሮ የሻገተ ጭድ ምግብ የሚነካ ዕቃ ሊሠራበት አይገባም፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ በሙቀት በቀላሉ አይጠፋም።

የምግብ መጠቅለያ ከዕፅዋት መሥራት ለእኛ አዲስ አይደለም። ድፎ ዳቦ በኮባ ይጋገራል። ዳቦው ሲወጣ ኮባው ከሥሩ ይላጣል፤ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተኮማትሯል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ጓሮ ይጣላል። ምንም አልተቀባም፣ ምንም አልተጨመረበትም፣ የሚወድቀውም እርጥብ አፈር ላይ ነው።