የፈረንሳይኛው አምፓርፌ እና የኛ «ነበር»

ፈረንሳይኛ ስትማሩ አምፓርፌ የሚባለው የኃላፊ ጊዜ ግራ ካጋባችሁ መጀመሪያ አማርኛችሁን አዳምጡ። «ተኛሁ» እና «እተኛ ነበር» አንድ አይደሉም አይደል? የመጀመሪያው አልቆ የተዘጋ ነገር ነው፣ ስለዚህ ፓሴ ኮምፖዜ (ላለቀ ድርጊት የሚውለው የኃላፊ ጊዜ) ይሆናል። ሁለተኛው ልማድ ነው፣ እሱ አምፓርፌ ነው። በመሃል ሌላ ነገር ሲገባም እንዲሁ ነው፤ ተኝታችሁ ሳለ ስልክ ቢጠራ እንቅልፉ «ዠ ዶርሜ» ብሎ በአምፓርፌ ይሄዳል፣ የስልኩ ጥሪ ግን በፓሴ ኮምፖዜ።

ግን ተጠንቀቁ፣ «ነበር» ያለበት ሁሉ አምፓርፌ አይደለም። «በልቼ ነበር» ስትሉ «ዣቬ ማንዤ» ነው፣ ያ ፕሉስ ከ ፓርፌ የሚባለው ሌላ ጊዜ ነው። «ደክሞኝ ነበር» ደግሞ መልኩ ያንኑ ቢመስልም የነበራችሁበትን ሁኔታ ስለሚናገር «ዤቴ ፋቲጌ» ይባላል፣ እሱ አምፓርፌ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የአምፓርፌ እርባታ ቀላል ነው። የአሁን ጊዜውን የ«ኑ» (እኛ) መልክ ውሰዱና መጨረሻው ላይ ያለውን «ኦን» ቁረጡት። «ኑ ቡቮን» (እንጠጣለን) ካላችሁ «ቡቭ» ይቀራል፣ ከዚያ «ዠ ቡቬ»፣ «ኑ ቡቪዮን» እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። የሚያፈነግጠው ኤትር (መሆን) ብቻ ነው፣ ግንዱ «ኤት» ነው።

ሲነገር የዠ (እኔ)፣ የቱ (አንተ/አንቺ)፣ የኢል (እሱ) እና የብዙ ቁጥሩ ኢል (እነሱ) መጨረሻ አንድ ዓይነት «ኤ» ነው። ሲጻፍ ግን ዠ እና ቱ በኤስ ያልቃሉ፣ ነጠላው ኢል በቴ፣ ብዙ ቁጥሩ ደግሞ በማይነበቡት ኧ፣ ኤን፣ ቴ።