«ኪታብ የጫነ አህያ»

ፉሪ አካባቢ ጠዋት ከቤት ስትወጡ አህያ ሳታዩ አትውሉም። ጤፍ የጫነ፣ ውኃ በጄሪካን የጫነ፣ አሸዋ የጫነ። ስለዚህ እኛ ሰፈር «ኪታብ የጫነ አህያ»፣ ማለትም መጽሐፍ የጫነ አህያ፣ ሲባል ምስሉ ለማንም አይጠፋም። አባባሉ ግን ያለቦታው ሲወረወር እሰማለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ የእህቴ ልጅ ከቂርኣት፣ ከቁርኣን ትምህርቱ፣ ሲመለስ እናቴ እንደ ልማዷ ያሲን የተባለውን የቁርኣን ምዕራፍ እየቀራች፣ እያነበበች፣ ነበር። «እማማ፣ ትርጉሙን ሳታውቂ ከቀራሽ እኮ ኪታብ እንደ ጫነ አህያ ነው» አላት። ክፋት የለውም፤ የሰማውን ማካፈሉ ነው። እሷ ምንም አላለችም። መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና ሙስሐፉን ዘጋችው። እኔን ያመመኝ ያ መዝጋቷ ነው።

አባባሉ እንደ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ከአገር ቤት ተረት የመጣ አይደለም። ምንጩ ቁርኣን ነው፤ ሱረቱል ጁሙዓ፣ 62ኛው ምዕራፍ፣ አንቀጽ 5። ተውራትን፣ የሙሳን መጽሐፍ፣ ተሰጥተው ያልሠሩባት ሰዎች «ከመሠሊል ሒማሪ የሕሚሉ አስፋራ» ይባላሉ፤ መጻሕፍት እንደሚሸከም አህያ ማለት ነው። ሙፈሲሮቹ፣ የቁርኣን ተርጓሚ ሊቃውንቱ፣ ነገሩን ለእነዚያ ሰዎች ብቻ አልተዉትም። ኪታብ በእጁ ያለ ሁሉ ራሱን ይይበት ይላሉ። አህያው ጀርባው ላይ ያለው ኪታብ ይሁን እንጨት አይለይም፤ የሚደርሰው ድካሙ ብቻ ነው።

ዐረብኛውን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በአንዷ አንቀጽ ውስጥ አንድ ግሥ ሦስት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ «ሑሚሉ»፤ ተሸከሙ ተብለው አደራው ተጫነባቸው። ቀጥሎ «ለም የሕሚሉሃ»፤ አልተሸከሟትም። መጨረሻ ላይ «የሕሚሉ»፤ አህያው ይሸከማል። መጽሐፉ እጃቸው ላይ እያለ አልተሸከማችሁም ተባሉ! በአማርኛ ሲተረጎም መካከለኛው «አልሠሩባትም» ተብሎ ይፈታል። ፍቺው ልክ ነው፤ የቃሉ መመላለስ ግን ይቀራል። ዐረብኛ መማር የሚያጓጓኝ እንዲህ ያለው ቦታ ነው።

«አስፋር»ም እንደዚሁ። እዚህ ላይ የ«ሲፍር» ብዙ ቁጥር ነው፤ መጻሕፍት። ግን «ሰፈር»፣ ማለትም ጉዞ፣ ሲበዛም ያው «አስፋር» ነው። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው አህያውን ጉዞ ሊያሸክመው ይችላል። ለዚህ ነው ሸኾቻችን ነሕውና ሰርፍን፣ የዐረብኛ ሰዋስውን፣ ሳይዝ ተፍሲር (የቁርኣን ማብራሪያ) ውስጥ ዘሎ የሚገባን ደረሳ (ተማሪ) የሚመልሱት።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንቀጹ የሚወቅሰው አደራውን ተቀብሎ የጣለውን ነው። ቋንቋውን ያልታደለችን እናት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአላህ ኪታብ አንድ ፊደል የቀራ ምንዳው በአሥር ይባዛለታል ሲሉ የሰጡት ምሳሌ «አሊፍ ላም ሚም» ነው፤ አሊፍ አንድ፣ ላም አንድ፣ ሚም አንድ። ብዙ ዑለማ (ሊቃውንት) ፍቺያቸውን አላህ ያውቃል የሚሉላቸውን ፊደላት! በእርግጥ ቁርኣኑ የወረደው «አንቀጾቹን እንዲያስተነትኑ» ነው፤ ይህም እዚያው በ38፡29 ተጽፏል። ትርጉም መፈለግ ግዴታችን ነው። ያላገኘውን ሰው አህያ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ለልጁ ይህን ስነግረው ፊቱ ቀላ። በሚቀጥለው ሐሙስ ራሱ ሄዶ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ያሲን ላይ «ሰላሙን ቀውለን ሚን ረቢን ረሒም» ስትደርስ ሁሌም ድምፅዋን ታስረዝማለች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዜማ ነው። አስቆማትና «እማማ፣ ይቺ ምን ትመስልሻለች?» አላት።

ትንሽ አሰበች። «ሰላምማ ሰላም ነው» አለች። «ቀውል... ቃል ነው እንዴ?»

«ቃል ነው። ከአዛኙ ጌታ የሆነ ቃል።»

ጣቷን ከአንቀጿ ላይ ሳታነሳ እንደ ገና ከመጀመሪያው ቀራቻት።